ሽለላን ያላለዘቡ ፈረንጆች

ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲቋቋም የያዘው የፐንክ ሮክን እምነት ነበር፤ የሚናገሩት ነገር ይኑር እንጂ ለመጫወት ሊቅነት አያሻም! ጊታሩ ይፋጫል፣ ከበሮው ያጓራል፣ ድምፃዊው ከመዝፈን ይልቅ ይጮኻል። እዚህ መልካሳ ካሰማኋቸው ወዳጆቼ አንዱ «ይኼ ጠብ ነው እንጂ ሙዚቃ ነው?» ብሎኛል።

ይሁንና ጌራርሳና ሽለላ እየሰማ ላደገ ጆሮ ይህ ጩኸት ባዕድ ሊሆንበት አይገባም። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከጀግናው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያዛወረው ፐንክ ከመወለዱ ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ዘ ኤክሶች በ2004 ለ25ኛ ዓመት በዓላቸው አምስተርዳም ጋበዙት፤ ወደዳቸውና ለአዲስ አልበሙ አጃቢ እንዲሆኑት ጠየቃቸው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» ወጣ።

በእኔ ሚዛን የባንዱ ትልቁ ሥራ ይኸው ነው። የአገራችንን ዜማ የሚነኩ ብዙ ፈረንጆች ለእራት ግብዣ እንዲስማማ አድርገው ያለሰልሱታል። እነዚህ ግን ሽለላውን ከነቁጣው ተቀበሉት፤ ሽማግሌው ሲፎክር እነርሱ እንደ አዝማች ተቀባይ ከኋላ ቆሙ። እንከን የለበትም አልልም፤ አንዳንድ ቦታ ጊታሮቹ የሳክስፎኑን ትንፋሽ ይጋርዱታል።

ጌታቸው በ2016 አረፈ። ባንዱ ግን በ2025 እንኳ አዲስ አልበም አውጥቷል። ሽለላን የበዓል ማድመቂያ ብቻ አድርገን ለተውነው ለእኛ የቀረልን ጥያቄ ነው፤ ቁጣን በዜማ መናገርን ከፈረንጅ ልንማር ነውን?