ፊደል ያልቆጠረ ቁጥር ዐዋቂ

ቁስቋም በጉለሌ የሰፈር ስም ብቻ አይደለም፤ የዘመን ቀመርም ምልክት ነው። ወርኃ ጽጌ መስከረም 26 ገብቶ ኅዳር 5 ሲፈጸም 40 ቀን ይሞላል፤ በማግሥቱ ቁስቋም ይከበራል። መስከረም 25 ክረምቱ የሚያበቃበት ዕለት ነው፦ በተራ ዓመት ክረምት ከነጳጉሜው 95 ቀን፣ መጸው፣ በጋና ጸደይ እያንዳንዳቸው 90 ቀን፣ ድምሩ 365። አራሹ ዘርና አጨዳውን የቀመረው በዚህ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና ወደ 15 ቋንቋዎች የሰፋው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር ማስተዋወቁ የማይካድ ድል ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህም ገበሬውን በሥዕልና በመድረክ ከጨለማ የወጣ ባዶ ሰው አድርጎ የማቅረብ ልማድ አልተወገደም። ይህ የአሣሣል ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሐሳብ ስሕተትም ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ቁጥር አያውቅም ማለት አይደለምና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት እስኪሽር ድረስ፣ እኩል፣ ሲሶና እርቦ ለጭሰኛው የክፍልፋይ ትምህርት ሳይሆኑ የኑሮው ዕጣ ነበሩ። ከ60 ቁና እህል 6 ቁና በአሥራት ቢወጣ፣ ከቀረው 54 ላይ ሲሶው 18 ለባለመሬቱ ቢሰፈር፣ ለጭሰኛው 36 ይተርፈዋል፤ የከርሞ ዘርም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ይህን ስሌት በአውድማ ላይ በልቡ የጨረሰ ሰው በመድረክ ላይ የሚታየው ግን ሲያለቅስ እንጂ ሲያሰላ አይደለም።

ጥማድም እንዲሁ ነው። ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ጉልበትን፣ ጊዜንና የአፈርን ጠባይ በአንድ ቃል ያስተባብራል።

ይህ ሲባል ነባሩን ሁሉ ማሞገስ ተገቢ ነው ማለት አይደለም። ቁና ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ መስፈሪያው በባለጉልበት እጅ ሲሆን ደግሞ መበዝበዣ ይሆናል። ሜትርና ኪሎ ለደካማው ጋሻ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የማኅበረሰብ ትምህርት ተግባር አንዱን በሌላው መተካት ሳይሆን ሁለቱን ማመሳከር ነው፦ ጥማዱን በሜትር፣ ቁናውን በኪሎ። መምህሩ ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው ይሂድ፤ ሠዓሊውና ጸሐፌ ተውኔቱም የገበሬውን ክንድ ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን ጭምር ያሳዩ።