27.7 ሚሊዮን ቶን፦ ግን ከስንት እስከ ስንት?

ናሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን አጭር ቪዲዮ ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። ከሰሃራ የተነሳ አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ አማዞን ጫካ ላይ ይወርዳል። በውስጡ ያለው ፎስፈረስ ደግሞ ለዛፎቹ ማዳበሪያ ይሆናል። በረሃው ጫካውን ይመግባል ማለት ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። ካሊፕሶ የተባለችው ሳተላይት የሌዘር ብርሃን ወደ ታች እየላከች ከብናኙ ነጥሮ የሚመለሰውን ትለካ ነበር። በዚህ መንገድ አቧራው የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚጓዝም ይታወቃል። ተራ የሳተላይት ፎቶ ይህን አይነግራችሁም፤ ቪዲዮው ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ቅሬታዬ ቁጥሩ ላይ ነው። አብሮ የወጣው ዜና በየዓመቱ አማዞን ላይ የሚወርደው አቧራ 27.7 ሚሊዮን ቶን፣ ማለትም 104,908 የጭነት መኪና ሙሉ ነው ይላል። እስቲ ልብ በሉ፤ የመጨረሻዎቹ 8 መኪኖች እንኳ ሳይቀሩ ተቆጥረዋል! የጥናቱ ጽሑፍ ራሱ ግን ግምቱን ከ8 እስከ 48 ሚሊዮን ቶን ያደርሰዋል። እኔ የድልድይ ስሌት ላይ ይህን የሚያህል ክፍተት ደብቄ አንድ ቁጥር ብቻ ባስረክብ፣ አማካሪዬ ወረቀቱን መልሶ ይሰጠኝ ነበር።

ፎስፈረሱስ? በዓመት 22,000 ቶን ተብሏል። ይህን ሳተላይቷ አልለካችውም። ከቻዱ ቦዴሌ፣ ከባርቤዶስና ከማያሚ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ ከአቧራው ብዛት የተሰላ ነው። ስለዚህ የአቧራው ክፍተት ወደ ፎስፈረሱም ይተላለፋል፦ ከ6,000 እስከ 37,000 ቶን።

«ታዲያ ምን ለውጥ ያመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ያመጣል። 22,000 ቶን፣ አማዞን በዝናብና በጎርፍ በየዓመቱ ከሚያጣው ጋር ይቀራረባል፤ ሂሳቡ ገጠመ ማለት ነው። 6,000 ከሆነ ግን ጫካው የጎደለውን ከየት ይሞላል? በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት፣ ወደ አማዞን ከሚደርሰው ፎስፈረስ እስከ ግማሽ የሚሆነው አፍሪካ ውስጥ ከሚቃጠል ሣርና ደን ጭስ ሊመጣ እንደሚችል ገምቷል። ታሪኩ የአቧራ ብቻ ሳይሆን የእሳትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «27.7» ብለን ከዘጋነው ግን ይህን ጥያቄ ማን ያነሳዋል?

ቪዲዮውን እዩት፣ ለጓደኞቻችሁም አሳዩ። ቁጥሩ ጋ ስትደርሱ ግን ቆም በሉና «ከስንት እስከ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ።