60ኛው ቀን

ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ጠበቃን ከባለጉዳይ ለመለየት ካባ ማየት አያስፈልግም። ባለጉዳዩ የችሎቱን በር ያያል፤ ጠበቃው ሰዓቱን። ሁለት ችሎት በአንድ ጠዋት ተቀጥሮበት ይሆናል፤ አንዱ ምስክር ለመስማት፣ አንዱ ለብይን።

ሰው ጠበቃን የሚያደክመው ክርክሩ ይመስለዋል። እኔ ተረትቼ እንኳ ከችሎት የደከምኩበት ቀን ጥቂት ነው። የሚያደክመኝ የሰው ቀን ይዤ መተኛቴ ነው። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ውሳኔው በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ካልቀረበ የምረሳው እኔ፣ ቤቱን የሚያጣው ደንበኛዬ ነው።

ጥብቅና በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት የውሳኔ ግልባጭ ዘግይቶብኝ አንድ ይግባኝ በ60ኛው ቀን፣ መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሲል አስገባሁ። ማኅተሙ ሲመታ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደንበኛዬ ሸምገል ያሉ እናት ናቸው። «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉኝ። «ርቦኝ ነው እማማ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ አጀንዳዬ ላይ 60 ብዬ ጽፌ አላውቅም፤ የእኔ መጨረሻ 45ኛው ቀን ነው። ለጀማሪ ጠበቆችም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብንን ብሎ ቀን መቁጠሩ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ደግሞ ለማን ይወራል? ቡና ተፈልቶ ሁሉም የዋለበትን ሲያወራ፣ እኔ ስለ ልጅ አሳዳጊነት ሲካሰሱ የዋሉ ባልና ሚስት በጆሮዬ እያሉ «ደህና ዋልኩ» እላለሁ። የደንበኛ ምስጢር ነው፤ ለሚስትም አይነገርም።

ሸክሙን ለብቻ መሸከሙ ድሮ ይብስ ነበር። ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ከዚያ በፊት ቢሮ ተጋርተን ኪራይ እንካፈል ነበር እንጂ መዝገብ አንካፈልም። ከሳሽ አልቀረበም ተብሎ የደንበኛዬ መዝገብ እንዳይዘጋ ታይፎይድ ይዞኝ ችሎት የቆምኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ዳኛው ምን እንዳሉ ግን አላስታውስም። (ነሐሴ ገብቶ ችሎቶች ለክረምት ሲዘጉ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት እታመማለሁ። በየዓመቱ!)

አምና ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ስልኬን መዝጋት ጀመርኩ። በወሩ ሁለት ደንበኞች ፋይላቸውን ተቀብለውኝ ሄዱ፤ አልፈረድኩባቸውም። እኚያ እናት ግን ልማዴን አውቀው ጠዋት ስከፍት ይደውላሉ። የእሳቸው ጉዳይ እልባት ካገኘ ዓመታት አልፈዋል።

«ቁርስ በላህ?» ነው የሚሉኝ።