መንገዱን አሳየን፤ በጀቱን ግን ሳያሳየን ቀረ

በዚህ እትም ለመምህራንም ለተማሪዎችም ይጠቅማል ያልነውን አንድ ፊልም ይዘን ቀርበናል። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ» እንደማለት ነው። ፈረንሳዊው ፓስካል ፕሊሶን ያዘጋጀው ዘጋቢ ፊልም ሲሆን፣ በ2013 ለሕዝብ ቀርቦ በ2014 የፈረንሳይን የሴዛር ሽልማት በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ አግኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርዳችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ፊልሙ ጥሩ ነው፤ ተማሪ ሁሉ ቢያየው ደስ ይለናል። ግን የሚነግረን ግማሹን እውነት ነው። ልጆች ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጓዙ ያሳየናል፤ ያ ርቀት ለምን እንደኖረና ማን ሊያሳጥረው ይችል እንደነበር ግን ትንፍሽ አይልም። እኛን በካምፕ የምናስተምረውንና የምንማረውን ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ የሚያንገበግበን ይሄው የቀረው ግማሽ ነው።

ታሪኩ የአራት ልጆች ነው። የኬንያው ጃክሰን የ11 ዓመት ልጅ ነው። ከታናሽ እህቱ ጋር ዝሆን የሚውልበትን ሜዳ እያቋረጠ 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ለመሄድ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፣ ለመመለስም እንዲሁ። የሞሮኮዋ ዛሂራ 12 ዓመቷ ነው። ሰኞ ሰኞ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የአትላስን ተራራ ወጥታ ወርዳ 22 ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ፣ ሳምንቱን እዚያው እያደረች ትማራለች። የአርጀንቲናው ካርሊቶ ታናሽ እህቱን በፈረስ አፈናጦ በፓታጎንያ ሜዳ 18 ኪሎ ሜትር ይጋልባል። የሕንዱ ሳሙኤል ደግሞ በእግሩ መሄድ አይችልም። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቹ በአሮጌ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፉና እየጎተቱ 4 ኪሎ ሜትር ያደርሱታል፤ ያቺ 4 ኪሎ ሜትር ብቻዋን ከአንድ ሰዓት በላይ ትፈጃለች።

የፊልሙን መልካም ጎን ሳንናገር ብናልፍ ንፉግነት ይሆንብናል። ጃክሰን በደረቀ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ቆፍሮ ባገኛት ውሃ ዩኒፎርሙን ሲያጥብ፣ ዛሂራ ገበያ ላይ የምትለውጣትን ዶሮ አቅፋ ተራራ ስትወጣ፣ የሳሙኤል ወንድሞች በወንበሩ ጎማ ሲጨቃጨቁና ሲሳሳቁ፣ ልጆቹን እንደ ሰው እናውቃቸዋለን። ለማኝ አድርጎ አላቆማቸውም። ስለ ድሃ ልጅ የሚሠራ ፊልም ብዙ ጊዜ የለጋሽን አንጀት ለመብላት ይጣደፋል፤ ይሄኛው አልተጣደፈም። ተማሪዎቻችንም «እኛን የሚመስል ልጅ ፊልም ላይ አለ እንዴ!» ብለው ቢኮሩበት እውነታቸውን ነው።

ታዲያ ምኑ ጎደለ?

በመጀመሪያ፣ ያልደረሱት ልጆች የሉበትም። አራቱም ዋና ባለታሪኮች ከ11 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው፣ መንገዱን የለመዱ ናቸው። ከእነሱ የሚያንሱት ልጆችም ከትልቅ ወንድም ጋር ነው የመጡት። ትልቅ ወንድም የሌላት የሰባት ዓመት ልጅስ? እሷ ፊልም ውስጥ ልትገባ አትችልም፤ ምክንያቱም ቤት ቀርታለች። አንደኛ ክፍል የምታስተምሩ ባልደረቦቻችን ይህቺን ልጅ በደንብ ታውቋታላችሁ። የምትመጣው ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ «ሀ፣ ሁ» ስትል ታፍራለች፤ ካፈረች ደግሞ ለማቋረጥ ሩቅ አይደለችም። ርቀት ሁሉንም እኩል አይጎዳም። መጀመሪያ የሚያስቀረው ትንሹን ነው፣ ቀጥሎ ሴቷን፣ ቀጥሎ አካል ጉዳተኛውን። የደረሱትን ብቻ እያሳዩ ስለ መንገድ መናገር፣ ፈተና ያለፉትን ብቻ ጠርቶ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ፊልሙ ርቀትን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ የተፈጥሮ ነገር አድርጎታል። ተራራውን ያስቀመጠው ፈጣሪ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ግን ያስቀመጠው ሰው ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ፣ አንድ ቀን፣ ሰዎች ተሰብስበው «እዚህ ይሠራ፣ እዚያ አይሠራ» ብለዋል። ፊልሙ ወደዚያ ቢሮ አንድም ጊዜ ጎራ አይልም። በዛሂራ ጉዞ መካከል አንዷ ልጅ እግሯን ያማታል። መኪና ይለምናሉ፤ መኪኖቹ ያልፋሉ፤ በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ይወስዳቸዋል። አዘጋጁ ይህን እንደ አንድ የመንገድ ገጠመኝ ነው የሚያልፈው። እኛ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ላይ ታየን። መንገድ አለ፣ መኪናም አለ። የጠፋው «ሰኞ ጠዋት እነዚህን ልጆች አንሳ» ብሎ የሚያዝና ለነዳጁ የሚከፍል አካል ብቻ ነው።

«ፊልም እኮ ነው፣ ስለ በጀት ያውራ ትላላችሁ እንዴ?» የሚለን አይጠፋም። አያውራ። ግን ፊልሙ የሚያበቃው ልጆቹ የወደፊት ምኞታቸውን ሲናገሩ ነው፤ ተመልካቹም «ለካ ልብ ካለ ሁሉም ይቻላል» ብሎ ይነሳል። ይህ አባባል ለተማሪ ማበረታቻ ነው። ለበጀት መዳቢ ግን ማምለጫ ነው። ልጁ በብርታቱ 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነማ፣ መዳቢው ምን አስጨነቀው?

ፊልሙ የተወውን ግማሽ ለማየት ከሌላ ሀገር አንድ እውነተኛ ታሪክ እንጨምር። ቦታው አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ ግዛት፣ ዲኪንሰን የምትባል ከተማ ናት። እዚያ ሀገር የትምህርት ቦርድ አባላትን በአብዛኛው የሚመርጠው የአካባቢው ሕዝብ ነው፤ በጀቱም ለሕዝብ ክፍት በሆነ ስብሰባ ይጸድቃል። የዲኪንሰን ቦርድ በ1973 ልጆችን ከየደጃፋቸው የሚያነሳ ሰርቪስ ጀመረ፤ አብሮም ክፍያ ጠየቀ። በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሒሳቡ እንዲህ ነበር፦ ለአንድ ልጅ በዓመት 97 ዶላር፣ ለሁለት ልጆች 150 ዶላር። ይህ ገንዘብ የሚሸፍነው የሰርቪሱን ወጪ 11 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን የቀረው ከግብር ነው የሚመጣው። በሰርቪሱ የሚጠቀሙት ደግሞ ከተማሪዎቹ 13 በመቶ ያህሉ ነበሩ።

ከትምህርት ቤቱ 16 ማይል፣ ማለትም 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚኖር አንድ ድሃ ቤተሰብ በ1985 የክፍያ ውሉን አልፈርምም አለ። ልጅቷን በራሱ መኪና ማመላለስ ጀመረ፤ ይህም በዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ አስወጣው። 97 ሸሽቶ 1,000 ማውጣት ሞኝነት ይመስል ይሆናል። የቤተሰቡ ክርክር ግን ትምህርት በነጻ ነው ከተባለ ልጅ እዚያ የሚደርስበትም በነጻ ይሁን የሚል ነበር። ክሱ እስከ ሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1988 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለቦርዱ ፈረደ።

የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ሳንድራ ደይ ኦኮነር ናቸው። ምክንያታቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕገ መንግሥቱ ቦርዱን ሰርቪስ እንዲያቀርብ አያስገድደውም፤ ካላስገደደው ደግሞ ላቀረበው አገልግሎት መጠነኛ ክፍያ ቢጠይቅ ጥፋት የለበትም። የተቃወሙት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል፣ በ1954 የጥቁርና የነጭ ተማሪዎች መለያየት ሕገ ወጥ በተባለበት ክስ ጠበቃ የነበሩት ሰው፣ ክፍያው ድሃውን ልጅ ከትምህርት ደጃፍ እንደሚያርቅ ተከራክረዋል።

እኛ የምንወግነው ከተሸነፉት ጋር ነው። የግዛቲቱ ሕግ ቤተሰብ መክፈል ካቃተው ቦርዱ ክፍያውን ሊተውለት «ይችላል» ይላል፤ ፍርድ ቤቱም ይህን ጠቅሶታል። ነገር ግን «ይችላል» እና «አለበት» በጣም ይለያያሉ። «አለበት» ቢል ኖሮ ልጅቷ መብት ይኖራት ነበር። «ይችላል» በመባሉ የቦርዱን በጎ ፈቃድ ጠባቂ ሆነች። ደግሞም 97 ዶላር ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ይምሰል እንጂ አንድ ዓይነት ሸክም አይደለም።

ይሁንና ከዲኪንሰን የምንቀናበት ነገር አለ። የተሸነፈው ቤተሰብ እንኳ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ከወጪው ስንት በመቶ እንደሚሸፍን፣ ማን እንደወሰነና ማንን እንደሚከስ ያውቅ ነበር። ቁጥሩ አደባባይ ላይ ነው። ፊልሙ ውስጥ ግን የጃክሰን አባት የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ልጁን ከዝሆን እንዲጠነቀቅ ይመክረዋል፣ ይመርቀዋል፣ ይሸኘዋል። በቃ።

ርቀት ሰው የሚወስነው ነገር መሆኑን ለማየት ሕጎቹን ማነጻጸር ይበቃል። በእንግሊዝ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለቤቱ የሚቀርበው ተገቢ ትምህርት ቤት ከ2 ማይል (3.2 ኪሎ ሜትር) በላይ ከራቀው፣ ከዚያ ከፍ ያለው ደግሞ ከ3 ማይል (4.8 ኪሎ ሜትር) በላይ ከራቀው፣ መንግሥት በነጻ ያመላልሰዋል። በኒው ዮርክ ግዛት ከከተማ ውጪ ባሉ የትምህርት አስተዳደሮች እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ከ2 ማይል በላይ፣ እስከ 15 ማይል (24 ኪሎ ሜትር) ድረስ ከሆነ ሰርቪስ ይገባዋል። ልብ በሉ፤ ለትንሹ ልጅ አጭር መስመር ነው የተሰመረለት። በኒው ዮርኩ መለኪያ ብንሄድ አራቱም የፊልሙ ልጆች አውቶብስ ላይ ናቸው፤ ፊልሙም አይሠራም ነበር!

እኛ ጋስ? አውቶብስ ይምጣልን ብለን አንቀልድም። የካምፕ ትምህርት ገንዘብ ከለጋሾች በየዓመቱ የሚመጣ ነው፤ እርዳታ ሲቀነስ ትምህርቱም አብሮ ይቀነሳል። «ገንዘብ ከሌለ ምን የምንወያይበት ነገር አለ?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እኛ ደግሞ የምንለው ተቃራኒውን ነው። ገንዘብ ሲያንስ አንዱን መተው ግድ ይሆናል፤ የሚተወው ማን እንደሆነ ደግሞ የሆነ ሰው ይመርጣል። የምርጫው ቀን እኛ ካልተገኘን የሚተወው ዝም ያለው ነው። ከሕፃን የበለጠ ዝምተኛ ደግሞ የለም። በ2004 ወጥቶ በ2010 እና በ2024 የታደሰው፣ በአስቸኳይ ጊዜ ለሚሰጥ ትምህርት የተዘጋጀው የአይኔ ዝቅተኛ መስፈርትም የመማሪያ ቦታ ለተማሪው ቅርብ እንዲሆንና ኅብረተሰቡ በውሳኔው እንዲሳተፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥያቄ ስናነሳ ከራሳችን ፈጥረን አይደለም።

ያለ አውቶብስም የሚወሰን ብዙ ነገር አለ። 1ኛና 2ኛ ክፍል ብቻ በየብሎኩ አጠገብ ባለ ክፍል ይማሩ ወይ? ትንንሾቹ በየትኛው ፈረቃ ይግቡ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ወይስ ከምሳ በኋላ? ልጆቹን ሰብስቦ በእግር የሚያደርስና የሚመልስ አዋቂ ይመደብ ወይ? ይህ የመጨረሻው ወጪ የሌለው ይመስላል፤ ግን የአንዲት እናት ጠዋት ነው። ውሃ ወረፋዋን ማን ይይዝላታል? ኢንሴንቲቭ ይከፈላታል ወይስ «በጎ ፈቃደኛ» ተብላ ትቀራለች? የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ይህ ጥያቄ ከነቁጥሩ መቅረብ አለበት፦ ከኛ ብሎክ ስንት የሰባት ዓመት ልጅ አለ፣ ስንቱ ተመዝግቧል፣ ስንት ደቂቃ ይሄዳል? ይህን ለመቁጠር ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል፤ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሊሠሩት ይችላሉ።

መምህራን ሆይ፣ ፊልሙን ካገኛችሁት አሳዩት፤ 75 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ልጆች አይሰለቻቸውም። ሲያበቃ ግን «ከጃክሰን ምን ተማራችሁ?» ብላችሁ ብቻ አታሰናብቷቸው። ሦስት ጥያቄ ጨምሩ። ከጃክሰን ሰፈር መንገዱን ሳይጀምር የቀረው ልጅ ማን ይመስላችኋል? ይህን ርቀት ማሳጠር የሚችለው ማን ነው? ለዚያ ሰው ምን ቁጥር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? ብርታትን ከፊልሙ ይማራሉ፤ እሱ ላይ ጥሩ መምህር ነው። መጠየቅን ግን እኛ ነን ማስተማር ያለብን።

ለሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።