መልክና ልክ

ሞርሳው ከታሰረበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አንድ የወጀግራ ቀለህ አለኝ። ወጀግራ አባቶቻችን በ1874 እ.ኤ.አ. ለተሠራው የፈረንሳይ «ፊዚ ግራ» ያወጡለት ስም ነው። ጥይቱ በምኒልክ ዘመን ከማርያ ትሬዛ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። እኔ ቀለሁን ያስቀመጥኩት ሙያዬን ስለሚያስታውሰኝ ነው። ፈረንሳዮች በ1886 ለቤል የተባለውን ጠመንጃ ሲያወጡ ለቀለሁ መነሻ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። 59 ሚሊ ሜትር የነበረውን ቁመት ወደ 50 አሳጠሩት፤ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት ይይዝ የነበረውን አፍ ለ8 አጠበቡት። ተቀራራቢ ዕቃ ተለክቶ ሲሠራ ልክ ይሆናል፤ መምሰሉ ብቻውን ምንም አያደርግም።

የእኔ እንጀራ የቡና መፈልፈያ ማሽን ጥገና ነው። ከዲላ ወደ ወናጎና ይርጋጨፌ ሲኬድ በየእጥበት ጣቢያው ከሚሠሩት ባለ ዲስክ መፈልፈያዎች ውስጥ ያረጁና መለዋወጫቸው ከገበያ የጠፋ አሉ። ቀይ እሸት ደግሞ ቀን አይሰጥም። በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ መብላላት ይጀምራል። ስለዚህ በኅዳር መካከል ቡኮላ ተበላ ሲባል፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው አዲስ አበባ ዕቃ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይቻልም። ከሌላ ማሽን የወጣ የሚቀራረብ ቡኮላ ፈልገን እናስማማለን።

ቡኮላ ዘንጉ የሚዞርበት የነሐስ ቀለበት ነው። ሲበላ ዘንጉ ይወዛወዛል። ያን ጊዜ በዲስኩና በሰሌዳው መካከል ያለው ክፍተት አንዴ ይጠባል፣ አንዴ ይሰፋል። ሲጠብ ያለፈው ፍሬ ይቆረጣል፤ ሲሰፋ ያለፈው ከነልጣጩ ይወጣል። የተቆረጠው ገንዳ ውስጥ ይጠቁርና ቅምሻ ላይ ጉዱን ያወጣል። የጌዴኦ ገበሬ ከእንሰቱ አጠገብ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ የቀላውን ብቻ እየመረጠ ለቅሞ ያመጣው ቡና በትንሽ የልክ ስህተት ዋጋ ያጣል። ይህን የማያስብ ሰው ማሽኑን ባይነካው ይሻላል።

ስለካ ከዘንጉ እጀምራለሁ። ያረጀ ዘንግ ድቡልቡልነቱን ያጣልና በካሊፐር ሦስት ቦታ ላይ፣ እያዞርኩ እለካዋለሁ። ቡኮላውን ስመርጥ ቀዳዳው ከዘንጉ ይልቅ የጠበበውን፣ ውጩ ከቤቱ ይልቅ የወፈረውን፣ ቁመቱም የረዘመውን እወስዳለሁ። ጠባቡን ማስፋት፣ ወፍራሙን መላጥ፣ ረጅሙን መቁረጥ ቶርኖ ይችላል፤ የጎደለውን ግን አይሞላም። ቡኮላ ቤቱ ውስጥ በግፊት ሲገባ ቀዳዳው ትንሽ ይጠባል። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው መጥረግ ከተተከለ በኋላ ይሁን። 40 ሚሊ ሜትር ለሆነ ዘንግ ከ4 እስከ 5 መቶኛ ሚሊ ሜትር ክፍተት እተዋለሁ፤ ዘይት የሚቀመጥባት ቦታ እሷ ናት።

ከልክ ቀጥሎ ያለው ፈተና ራሱ ብረቱ ነው። እኛ ቢጫ የሆነውን ሁሉ ነሐስ እንላለን። ቀለህ የሚሠራበት 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው፤ ሳይሰነጠቅ ይሳባል፣ ይለጠጣል። ለቡኮላ የሚሆነው ግን መዳብና ቲን፣ ብዙ ጊዜም ጥቂት እርሳስ ያለበት ሲሆን የዘንግን ፍትጊያ ይችላል። ይህን የተማርኩት በጥፋቴ ነው። አንድ ዓመት ለቀማው በተፋፋመበት ሰሞን የአሮጌ ቧንቧ ቁራጭ አቅልጬ ቡኮላ አወጣሁ። ረዳቴ «ጋሼ፣ ይሄ የዚንኩ ዓይነት አይደል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ያው ነሐስ ነው» አልኩት። ልኩ አንድም አልጎደለውም። ወቅቱ ሳያልቅ ቡኮላው ተበላ፣ ዲስኩ ሰሌዳውን ነካ፣ የአንድ ሌሊት ቡና ተቆራርጦ አደረ። ጠዋት የጣቢያው ባለቤት ከገንዳው አንድ እፍኝ አንሥቶ አሳየኝ እንጂ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ልጁ ልክ ነበር፤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ብረት አልተክልም። የተከልኩትንም በትንሽ እሸት ሳልፈትን አልሄድም፤ የወጣውን ፍሬ በእጄ አጥቤ፣ የተቆረጠ እንዳለ አንድ በአንድ አያለሁ።

በየጣቢያው ያላችሁ ወጣት ሜካኒኮች፣ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ማሽኑን በጥቅምት ሳይሆን በነሐሴ ፍቱት። ያወጣችሁትን አሮጌ ቡኮላ ለቁራሌው አትስጡ፤ የትኛው ማሽን እንደሆነና የዘንጉን ልክ ጽፋችሁ እሰሩበት። ፋብሪካው ቢዘጋ፣ ንድፉ ቢጠፋ፣ የዚያ ማሽን ልክ ያለው እሱ ላይ ነው።