ዱር ያልሆነው «የዱር አጸድ»

ስለ መጻሕፍት በምጽፍበት ዓምድ ስለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አትክልት ሥፍራ ማውራቴ አንዳንድ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ለነገሩ በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሴክስ የሚገኘው የግሬቭታይ ማኖር አጸድ ከመጽሐፍ የተወለደ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አየርላንዳዊው ዊልያም ሮቢንሰን «የዱር አጸድ» የተሰኘውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። በ1598 የተሠራውን ይህን የድንጋይ ቤት በ1880ዎቹ አጋማሽ ገዛና እስከ ሞተበት እስከ 1935 ድረስ የጻፈውን በመሬት ላይ ሲሞክር ኖረ። ከ1958 ጀምሮ ቤቱ ሆቴል ነው።

የሮቢንሰን ጠብ ከዘመኑ ልማድ ጋር ነበር። ያኔ ባለጸጎቹ ብርድ የማይችሉ አበቦችን በመስታወት ቤት በሺህ እያፈሉ፣ ሙቀቱ ሲመጣ እንደ ምንጣፍ ጥለት በየመደቡ ይደረድሩና ብርዱ ሲመለስ ነቅለው ይጥሉ ነበር። እሱ ግን ብርዱን ችሎ ከዓመት ዓመት የሚኖረውን ተክል በሣሩ መካከልና በዛፉ ሥር ለቀቅ አድርጋችሁ ትከሉ አለ። አርክቴክቱ ሬጂናልድ ብሎምፊልድ በበኩሉ በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ አትክልት ሥፍራ የቤቱ አካል ነው፣ ሥርዓቱን የሚያወጣለትም አርክቴክት ነው ብሎ ተነሣ። ጭቅጭቁ ጨዋነት የበዛበት አልነበረም።

በሚያዝያ ወር ሁለት ሌሊት አደርሁበት። ጧት ስወጣ ተዳፋቱ ላይ ሣሩ ሳይታጨድ አድጎ፣ ቢጫ አበቦች በመካከሉ ተበትነዋል። ቁርስ ላይ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት እንግዳ «አጫጁ ታሞ ይሆን?» አሉኝ። ነገሩ ቸልታ አልነበረም። የእነዚህ አበቦች ሥር እንደ ሽንኩርት ያለ ነው፤ አበባው ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ የከርሞውን ስንቅ ወደ ሥሩ ያወርዳል። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ማጭድ ከገባ የከርሞው አበባ ቀረ ማለት ነው። እንግዲህ አለማጨዱም ታስቦበት ነው። ይህን ስነግራቸው ከበስተኋላችን ሁለት ወጣቶች በጉልበታቸው ተንበርክከው ይኮተኩቱ ነበር።

መጽሐፉን የምነቅፈው በዚህ ነው። ሮቢንሰን ራሱ በልጅነቱ የአትክልት ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው፤ ሆኖም «ዱር» የምትለው ቃሉ የእነዚያን ወጣቶች ጉልበት ሸፈነችው። እንግዳው ተፈጥሮን አይቼ መጣሁ ብሎ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ቤቱ አጠገብ ያሉትን ቀጥ ያሉ መደቦችና የድንጋይ ንጣፍ ግን አልነቅፍም። ሰውየው ብሎምፊልድን ተሳድቦ ሲያበቃ ራሱ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ የሚል ቢኖር፣ በሩን ከፍቶ ይውጣና ይርገጠው እላለሁ። እግር መጀመሪያ ጽኑ ነገር ይፈልጋል፤ ሣሩና ጫካው ራቅ ባሉ ቁጥር እየሰፉ ይመጣሉ። ከመጽሐፉ ይልቅ መሬቱ ላይ የበለጠ ብልህ ነበር። በ2018 የተከፈተው ባለመስታወት ምግብ ቤት ግን አልማረከኝም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አበባውን ፊት ለፊት እያዩ ሽታው አይደርስም። (ዝናብ ይዘንብ እንደነበር አልክድም።)

ከሁሉ የወደድሁት ጀርባ ያለውን ሞላላ፣ በድንጋይ የታጠረ የጓሮ አትክልት ነው። ማታ የበላነው ጎመን ከዚያ የመጣ ነው። እዚያ ቆሜ ሮቢንሰን በ1871 ስለ ሞቃት አገር ተክሎች ያሳተመውን ሌላ መጽሐፉን አሰብሁ። ከሚያመሰግናቸው ተክሎች አንዱ እንሰት ነው፤ እንግሊዞች «የሐበሻ ሙዝ» የሚሉት። ሙቀቱ ሲመጣ ደጅ ይተክሉታል፣ ውርጩ ሳይደርስ ወደ ቤት ያስገቡታል፤ ሁሉ ለቅጠሉ ሲባል ነው። እኔ ያደግሁት እንሰት ደጃችን ላይ ቆሞ ጥላም ቆጮም በሚሆንበት ቤት ነው። ለዓይንና ለሆድ የሚተከለውን ለይቶ የሚያጥር ግንብ አላውቅም ነበር።

ስወጣ ከወጣቶቹ አንዱን ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ ጠየቅሁት። ቀና ሳይል «ዘሩ ይርገፍ እንጂ» አለኝ።