አምባሰል በቪብራፎን

አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ የጃዝ ክለብ የለም። እዚህ ሆኖ ኢትዮ ጃዝን መከታተል ማለት ቪብራፎን ተጫዋቹ ሙላቱ አስታጥቄ ውጭ አገር መድረክ ላይ ሲጫወት የተቀረጸውን በስልክ ማየት፣ ኔትወርኩ ሲቆራረጥም መነጫነጭ ነው። ቢሆንም ለአምባሰል ሰው ጃዙ ባዕድ አይደለም፤ ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ የተጠራው በዚሁ አገር ስም ነውና።

የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት። ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ይልና ወዲያው ሰፊ ዝላይ ይዘላል። ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰ ስታዜመው አንጀት የምትበላው ያቺ ጠባብ እርምጃ ናት። እንዲህ ያለውን ቅኝት በምዕራቡ ኮርድ ማጀብ አደጋ አለው፤ ኮርዱ ሲበዛ ቅኝቱ ይሰምጣል። ሙላቱን የማደንቀው ለዚህ ነው፦ ቪብራፎኑን መትቶ ድምፁ እስኪከስም ይታገሣል፣ ለዜማው ቦታ ይለቃል።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም አለ፤ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ የነበረ! «ላላ በሉ» የተሰኘው አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ለጀማሪ ግን የፒያኖ ተጫዋቹን የሳሙኤል ይርጋን «ጉዞ» (እ.ኤ.አ. 2012) አስቀድማለሁ። በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ የስልክ ስፒከር ቤዙን ይበላዋል።